ቀን ያልተጻፈበት መርዶ

ኢንጂነር ፕላመን ራንጌልን የሰደበው በየካቲት፣ የወይን ጠባቂ በሚባለው በቅዱስ ትሪፎን ዕለት ነው። ቦታው ከከተማው በላይ ያለው የወይን እርሻ ነበር። ወይኑ ተገርዟል፣ ሥሩ ላይ የአምናው የወይን ጠጅ ፈስሶለታል፣ ሰው ሁሉ ብርዱን ራኪያ በሚሉት የፍራፍሬ አረቄ እየመከተ ሞቅ ብሎታል። ማን የት እንደቆመ ራንጌል እስከዛሬ አልረሳም። በስተቀኝ ዳቦ ጋጋሪው ቶንቾ፣ ከሱ ቀጥሎ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ ከኋላ ቄሱ፣ በግራ ደግሞ የሟች ሚስቱ ወንድም ኪሮ ነበሩ።

«ስሙማ!» አለ ፕላመን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። ምክትል ከንቲባ ስለሆነ ሲናገር ሰው ዝም ይላል። «ራንጌላችን ፕሮግራመር ሆነ አሉ! ምን ይሠራል መሰላችሁ? አንድ የጽሑፍ ፋይል ይከፍታል፤ ያለውን ያሳያል። አለቀ! ይሄ ሙያ ከሆነማ የኔም ፍየል በሩን ስከፍትላት ጓዳ ያለውን ጎመን አውጥታ ለመንደሩ ታሳያለች።»

ሰው ሳቀ። ቶንቾ ሳቀ፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ አፏን በመሐረብ ይዛ ሳቀች፣ ቄሱ እንኳ ጺማቸው ውስጥ ገብተው ሳቁ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ግን ኪሮ ነው። ራንጌል ዞር ዞር ብሎ ያልሳቀ ሰው ፈልጎ አጣ። እሱ ራሱም ትንሽ ሳቀ፤ እስከዛሬ የሚያቃጥለው ይሄኛው ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፕላመን በማግስቱ ረስቶታል። ራንጌል ግን ያቺን ፍየል ቤቱ አስገብቶ አሳደራት፤ ሲተኛ አብራው ትተኛለች፣ ሲነሳ አብራው ትነሳለች። ድሮም ቂም ሲያድርበት የኖረ ቤት ነው። አራተኛ ክፍል ሳሉ እሱና ፕላመን አንድ ወንበር ይጋሩ ነበር፤ መምህርቷ «ፕላመን በጭንቅላቱ ይበላል፣ ራንጌል በእጁ» አለች፤ እንዳለችውም ሆነ። ፕላመን ዋና ከተማ ሄዶ ኢንጂነር ሆኖ ተመለሰ። ራንጌል ቃሪያና ቲማቲም በጣሳ ከሚያሽጉበት ፋብሪካ ገብቶ፣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ብየዳ ሠራ። ሲዘጋ የመዝጊያውን ደብዳቤ የፈረመው ማን ነበር? ፕላመን። ይሄንንም አልረሳም።

የሙታኑን የኢንተርኔት ገጽ የሠራው ግን ለፕላመን ብሎ አይደለም፤ ለሟች ሚስቱ ለራዳ ብሎ ነው።

በከተማችን በቫርቢሻ ሰው ሲሞት ፎቶና ስሙ ያለበት ወረቀት በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይለጠፋል። በአርባው ሌላ፣ በሙት ዓመቱ ደግሞ ሌላ። ከተማው ሰው ሞልቶት ሳለ ይሄ በቂ ነበር። ኋላ ወጣቱ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ጀርመን እየተባለ አለቀና አንባቢው ጠፍቶ ምሰሶው ብቻ ቀረ። ሚስቱ ራዳ ስትሞት፣ ጣሊያን ሽማግሌ እየጦረች የምትኖረው እህቷ የሰማችው አርባው ወጥቶ፣ ንፍሮው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። «የሚያረዳኝ ሰው ጠፋ ወይ?» ብላ በስልክ ራንጌል ላይ አለቀሰችበት። ምሰሶ ላይ ለጥፌ ነበር እንዴት ይበላት?

የፋብሪካው ቢሮ ሲዘጋ ከተጣለው ዕቃ መሐል አንድ ኮምፒውተር ደርሶት ነበር። ከከተማው የንባብ ቤት ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ተዋሰ። የተማረው ስምንተኛ ክፍልና የሙያ ትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝኛ የሚባል አያውቅም። እያንዳንዷን ቃል እንደ ብየዳ ነጥብ እያበራ እያጠፋ ነበር የያዛት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑን እሱም አይክድም። የሙታኑ ስም ያለበት የጽሑፍ ፋይል ሩቅ ቦታ ባለ፣ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰው ጣሊያን ቁጭ ብሎ ገጹን ሲከፍት ሰርቨሩ መጀመሪያ ራንጌል የጻፈለትን ትእዛዝ ያነባል፤ ሄዶ ፋይሉን ይከፍታል፤ ውስጡ ያለውን ገልብጦ ገጹ ላይ አድርጎ ይልክለታል። ፋይሉ ላይ አዲስ ሙት ሲጨመር ገጹም በራሱ ይጨምራል። ገጹን ማንም መንካት የለበትም።

ቀላል ነው እንጂ መች በቀላሉ መጣ። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ተበላሽቶ እኛ «የጦጣ ጽሑፍ» የምንለው ሆኖ ወጣ። ያንን ሲያቀና ደግሞ መስመሩ ጠፋ። ፋይሉ ላይ እያንዳንዱ ሙት በየመስመሩ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ገጹ ላይ ግን ሁሉም ተጣብቀው እንደ ቋሊማ ተያያዙ፤ የአንዱ ልደት ከሌላው ሞት፣ የአንዷ ባል ከሌላዋ ልጆች ጋር። ፋይል ላይ መስመር ተቀየረ ማለት ገጽ ላይ ተቀየረ ማለት እንዳልሆነ እስኪገባው አንድ ሙሉ ክረምት አለቀ። በየመስመሩ መጨረሻ መቁረጫ እንዲገባ ሲያዝዝ ሙታኑ ተለያዩ፤ እያንዳንዱ በየቦታው ዐረፈ። ያን ዕለት ራንጌል የራዳን ስም አነበበና ኮምፒውተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወጥቶ እንጨት ፈለጠ።

እንግዲህ ፍየል ትሠራዋለች የተባለው ይሄ ነው።

ከቅዱስ ትሪፎን በኋላ አላስቻለውም። እስከዚያ ድረስ የንባብ ቤቱ ጠባቂ እትዬ ፔንካ ሰው ያመጣላትን መርዶ በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ትጽፋለች፣ ራንጌል መጥቶ ያነበዋል፣ የተሳሳተ ካለ አርሞ አንዱ ፋይል ላይ ይጨምረዋል። አሁን ግን ሌላ ትእዛዝ ጻፈ። እያንዳንዱ መርዶ የራሱ ፋይል ይኑረው፤ ሁሉንም ፔንካ አንድ ፎልደር ውስጥ ታስገባ፤ ሰርቨሩ ፎልደሩን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ፣ አዲሱን ከላይ አሮጌውን ከታች አድርጎ ያሳይ። «ፍየል አንድ ፋይል ከከፈተች እኔ ሙሉ ጎተራ እከፍታለሁ» አለ ለራሱ። የተሻለ ነገር የሠራ መሰለው። የሠራው ግን የገዛ ዓይኑን ከመሐል ማውጣት ነበር። ያኔ ይሄን የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም አይሰማም።

«ልብ በይ እትዬ ፔንካ» አላት። «እዚህ ፎልደር ውስጥ የገባ ሁሉ ይወጣል።»

«ገባኝ። እንደ ሆስፒታላችን ነው።»

«እንዴት?»

«የገባ ሁሉ እዚያ ምሰሶ ላይ ይወጣላ!»

በመኸር፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው ተባለ። ከዋና ከተማ ድርጅት ይመጣል፣ ተራራውና ወይኑ በፎቶ ይታያል፣ ቱሪስት ይጎርፋል። የድሮው ሁሉ ይዘጋል። የሙታኑ ገጽ አዲሱ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለውን ምክር ቤቱ ከመላእክት አለቆች በዓል በኋላ ይወስናል። ፕላመን ሐሳቡን አስቀድሞ ተናግሯል። «ቱሪስት ሊዝናና ሲመጣ ቀብር እናሳየው?» ብሏል።

ራንጌል ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ቢሮው ሄደ።

«ገጹ ይቆይ ነው የምልህ» አለው። «ያለሱ ውጭ ያለው ልጅ እናቱ ስትሞት በምን ይሰማል?»

«እናያለን ራንጌል፣ እናያለን» አለ ፕላመን ከወረቀቱ ቀና ሳይል። ባለሥልጣን እናያለን የሚለው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ራንጌል ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለውም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ፋብሪካ የለው። ከተማው ውስጥ «ይሄ የራንጌል ነው» የሚባል ነገር ቢኖር ያ ገጽ ብቻ ነው።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ፕላመን ነበር።

«ራንጌል!»

«አቤት።»

«እናቴን ገደልካት!»

«ምን?»

«እናቴን ገድለህ ለዓለም አሳየህ ነው የምልህ! ቢሮዬ አበባ ሞልቶታል፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ፣ ለሙት ብቻ የሚሰጠው አበባ! ከንቲባው እጄን ይዞ አለቀሰ። እኔም ግራ ገብቶኝ አብሬው ላለቅስ ነበር!»

«እማማ ዮርዳና... ዐረፉ እንዴ?»

«የት ታርፋለች! አክስቴ ጋ ጎመን በበርሜል ልትዘፈዝፍ ወደ ተራራ ሄዳለች። አሁን ደውዬ አገኘኋት። አንተ ደንቆሮ፣ አሁኑኑ አውርደው!»

ራንጌል ገጹን ከፈተ። እውነትም ከሙታኑ ሁሉ በላይ ተቀምጣለች። «በጥልቅ ሐዘን ለወዳጅ ዘመድ እናስታውቃለን። ውድ እናታችን፣ አያታችንና ጎረቤታችን ዮርዳና ዶቼቫ፣ ግቢዋን ሣር አብቅላበት የማታውቅ፣ ከማንም ጋር በአጥር ያልተጣላች...» ይልና፣ ዐረፈች ከሚለው ቃል በፊት ቀኑ ሊጻፍ የሚገባው ቦታ ክፍት ነው። ረዥም ሰረዝ ብቻ።

ሮጦ ነው የንባብ ቤቱ የደረሰው። እትዬ ፔንካ ምድጃው አጠገብ ሹራብ ትሠራለች።

«ዮርዳናን ማን ነው የጻፋት?»

«ራሷ ናት እንጂ ማን ይጽፋታል?» አለች ፔንካ ሳትደነግጥ። «ልጄ ሥራ ይበዛበታል፣ ሲጽፍ ይሳሳታል፣ በቁሜ ሳለሁ መርዶዬን ላስጽፈው ብላ መጣች። ቃል በቃል ነው የጻፍኩላት። ስለ አጥሩ ያለውን ተይው ብላት እንቢ አለች።»

ይሄ የፔንካ ጥፋት ነው ለማለት ይከብዳል። የኛ አሮጊቶች ሁሉ ይሄው ናቸው። የሚቀበሩበትን ልብስ በነጠላ ጨርቅ ቋጥረው ሳጥን ግርጌ ያስቀምጣሉ። በባላቸው መቃብር ድንጋይ ላይ የራሳቸውን ስምና የልደት ዘመን አስቀርጸው የሞቱን ቦታ ባዶ ይተዋሉ፤ እሁድ እሁድ ሄደው ያጥቡታል። መርዶውን ማስጻፍ ብቻ ነበር የቀራቸው፤ እሱንም ፔንካ ጀመረችላቸው።

«ታዲያ ለምን እዚያ ፎልደር ውስጥ አስገባሽው?»

«መሳቢያዬን አይጥ በላው። የት ላስቀምጥላት?»

«የገባ ሁሉ ይወጣል አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። ግን ቀን እኮ የለውም!» ሹራቧን አስቀመጠች። «ቀን የሌለው ሙት አለ እንዴ? ቀኗ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ብዬ ነዋ። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ የአንተ ኮምፒውተር አያውቅም?»

ራንጌል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ቁጣው እንደ እርጥብ እንጨት አልያያዝ አለው። አያውቅም። ኮምፒውተር ክፍቱን ቦታ ከተሞላው አይለይም፤ ክፈት ያሉትን ይከፍታል፣ አሳይ ያሉትን ያሳያል። ቀኑ መጉደሉን የሚያየው የሰው ዓይን ነበር፤ ያንን ዓይን ደግሞ ያነሳው እሱ ነው።

«ሌላም የተጻፈ አለሽ?»

«ሁለት ሦስት ሴቶች ነገ እንመጣለን ብለዋል። ኪሮም ፎቶ መርጦ ሄዷል።»

«የኪሮን አስገቢው፤ ይውጣ።»

«ምነው አንተ!»

ፋይሉን አጠፋው። ወዲያው ገጹን ሲከፍተው ዮርዳና የለችም፤ ከበታቿ የነበረው ሙት ወደ ላይ ከፍ ብሏል። ቃል ከአፍ እንደወጣ ነው ነገሩ ግን። አንዴ የታየውን ካየው ሰው ዓይን ውስጥ ሄዶ የሚያጠፋ ትእዛዝ በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም።

በዓሉ ደረሰ። ራንጌል ስሙ የተወሰደው ከመላእክት አለቆች ነውና ዕለቱ የስሙ ቀን ነው። በኛ አገር ለስም ቀን ሰው አይጠራም፤ በር ተከፍቶ ይጠበቃል፤ የወደደህ ይመጣል። ራንጌል ቃሪያ በሩዝ ሞልቶ አበሰለ፣ ኮምጣጤ የበላውን ዱባና ካሮት አወጣ፣ ራኪያ ቀዳ፣ ወንበሮቹን ደረደረ። ቃሪያው ቀዘቀዘ። አሞቀው። እንደገና ቀዘቀዘ። አመሻሹ ላይ ኪሮ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ ታየው።

«ግባ እንጂ ኪሮ!»

«እንኳን አደረሰህ!» አለ ኪሮ ሳይቆም። «አልገባም፤ ፈራሁ። የአንተ ቤት የገባ ይወጣል ይሉ የለ!»

ሲስቅ እስከ ጎዳናው ማዶ ይሰማ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ይቺን ወሬ የነዛችው ፔንካ ናት።

በማግስቱ ራንጌል ያልተበላውን ቃሪያ በሳሕን አድርጎ እማማ ዮርዳና ጋ ሄደ። ከተራራ መመለሳቸውን ሰምቷል። እንዴት ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ መንገዱን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ መጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጠፋው። እማማ ዮርዳና ግቢያቸውን ይጠርጋሉ፤ እውነትም ሣር የሚባል የለበትም።

«ና ግባ፣ ገዳዬ!» አሉት።

«እማማ፣ ይቅርታ ልልዎት ነው...»

«የምን ይቅርታ! ና ተቀመጥ። ይልቅ ንገረኝ፤ ማን ማን አለቀሰ?»

«ከንቲባው አልቅሷል አሉ።»

«እሱ በሠርግም ያለቅሳል። ሌላ?»

«የፖስታ ቤቷ ሴትዮ። ቄሱም ደወሉን ሊያስደውሉ ተነስተው ነበር።»

«ፕላመንስ?»

«ሊያለቅስ ነበር ብሏል።»

«ሊያለቅስ ነበር!» መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «አየህ? ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሊያደርግ ነበር ነው። ሊጠይቀኝ ነበር፣ ጣራዬን ሊያስጠግን ነበር። በል አትዘን፤ ስንቱ ሀብታም ያላገኘውን የቁም ተዝካሬን አየሁ። ገጽህን ግን ይዘጉታል አሉ፤ እውነት ነው?»

«ነገ ይወስናሉ። ከዚህ በኋላማ ምን ቀረው ብለው ነው? አለቀለት።» ሳሕኑን የሚያስቀምጥበት አጥቶ እንደያዘው ቀረ።

ይሄኔ የግቢው በር ተንኳኳም ሳይባል ተበረገደ። ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር የለበሰች፣ ሻንጣ የምትጎትት፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ገባች። የዮርዳና ልጅ ኔቬና ናት፤ የምትኖረው ስፔን፣ ቫሌንሲያ ነው። አባቷ ሞቶ መሬቱ ሲከፈል ከወንድሟ ከፕላመን ጋር ተጣልታ፣ ከዚያ ወዲህ እግሯ ቫርቢሻን ረግጦ አያውቅም።

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ኔቬና?» አሉ እማማ ዮርዳና። «ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?»

«አንቺ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! አንቺ ነሽ የሞትሽብኝ!» ኔቬና ሻንጣዋን ለቀቀችው። «ፈረንሳይን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት! አውቶቡሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ! ሾፌሩ እንኳ ዘፈኑን ዘጋልኝ! ስልክሽን ለምንድነው የማታነሺው?»

«ጎመን እየዘፈዘፍኩ ነበራ!»

«ጎመን!»

«ወንድምሽ ጋስ ለምን አልደወልሽም?»

«እሱማ...» ኔቬና እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። «እናታችን ስትሞት እንኳ አላረዳኝም ብዬ ነዋ። እየረገምኩት ነው የመጣሁት።»

«አልሞትኩማ፣ አፈር ስሆን! ምኑን ያርዳሽ?»

ከዚያ ተቃቅፈው፣ አንዴ ይሳሳቃሉ፣ አንዴ ይላቀሳሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያ የመንገዱ ሁሉ እንባ አላለቀም ነበር። ራንጌል ሳሕኑን ይዞ ቆሞ፣ መውጫ ቢፈልግ ሻንጣው በሩን ዘግቶበታል። ኔቬና ቀና ስትል አየችው።

«ይሄ ነው የጻፈሽ?»

ራንጌል አንገቱን አቀረቀረ። በጥፊ ብትለው አይፈርድባትም።

«ጋሼ ራንጌል ነህ? የገጹ?» አለችው። «እኛ እኮ እሁድ እሁድ ነው የምናነብህ። ቫሌንሲያ ያለን የቫርቢሻ ሰዎች አንዷ ቤት ተሰብስበን፣ መጀመሪያ ገጽህን ከፍተን ማን እንደሞተ እናያለን፣ ለሚለቀስለት እናለቅሳለን፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን። ሙት የሌለበት ሳምንት ሲሆን ሰው ቅር ይለዋል። ከሰፈራችን ሌላ ምን ወሬ ይደርሰናል?»

ስለዚያ ገጽ ያለ ሳቅ ያወራው የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ራንጌል ሳሕኑን ዘረጋላት። ቆማ አንዱን ቃሪያ በእጇ በላች፤ ከተሳፈረች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፕላመን መጣ። መኪናውን ሲያቆም እህቱን አይቶ አንድ እግሩ ከውስጥ አንድ እግሩ ከውጭ እንዳለ ቀረ። ወንድምና እህት ምን እንደተባባሉ ማውራት የሌላ ሰው ነገር ነው። ባጭሩ ብዙ ተጯጯሁ፣ የሞተው አባታቸውም ሳይጠራ አልቀረም፤ መጨረሻው ግን አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ሆነ። ፕላመን ዓይኑ ራንጌል ላይ ሲያርፍ ተነሳ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ? ነገ በምክር ቤቱ ፊት...»

«ተቀመጥ!» አሉት እማማ ዮርዳና። «ነገ በምክር ቤቱ ፊት ገጹ ይቆያል ትላለህ። አንተ በስንት ዓመት ያላመጣህልኝን ልጅ ያመጣልኝ እሱ ነው። ብትዘጋው እውነቴን ነው የምሞትብህ፤ መርዶዬ እንደሆነ ተጽፏል፣ ቀን መሙላት ብቻ ነው!»

«እናቴ፣ እስቲ በሰው ፊት...»

«ይቆያል አይቆይም?»

ፕላመን ራንጌልን አየ፣ እህቱን አየ፣ መሬቱን አየ። «ይቆያል» አለ።

ራንጌል ቃሉን በጆሮው ሰማ። ቤቱ ሲገባ ባዶውን ሳሕን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ኮቱን ሳያወልቅ ጋደም አለ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። የመጣለት ድካም ብቻ ነው፤ ረዥም ዳገት ወጥቶ የተቀመጠ ሰው ድካም። ቢሆንም እንቅልፍ ወሰደው።

ምክር ቤቱ ወሰነ፤ ገጹ ይቆይ ተባለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲሱ ድረ ገጽ አልቆ፣ ሰው ሁሉ በንባብ ቤቱ አዳራሽ ተጠርቶ በግድግዳው ላይ እንዲያየው ተደረገ። ራንጌል ፂሙን ተላጭቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀመጠ። ከፊቱ ኪሮና ቶንቾ አሉ። ኔቬና ከእናቷ ጋር ከፊት ናት፤ በማግስቱ ወደ ስፔን ትመለሳለች።

ፕላመን ተራራውን አሳየ፣ ወይኑን አሳየ፣ የከንቲባውን ሰላምታ አሳየ። «አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁትን» አለና አንድ ቦታ ነካ። ሙታኑ ወጡ። እያንዳንዱ በጥቁር ፍሬም ውስጥ ነው፤ ከጎኑ ሻማ አለ፣ ሻማው እየተንቀሳቀሰ ይበራል። አሮጊቶቹ አማተቡ። «እንዴት ያምራል!» አለች የፖስታ ቤቷ ሴትዮ። እውነትም ያምራል፤ ራንጌልም አይክደውም። ከታች በትንሹ የድርጅቱ ስም፣ ከሱ ሥር ደግሞ መርዶ ለማውጣት የምክትል ከንቲባውን ቢሮ ያነጋግሩ የሚል ተጽፏል።

«የጋሼ ራንጌል ስም የት ነው?» ብላ ጠየቀች ኔቬና።

«የምን ስም?» አለ ፕላመን። ክፋት በድምጹ ውስጥ አልነበረም፤ ክፋት ቢኖረው ይሻል ነበር። «እሱ የጻፈው ትእዛዝማ ተጣለ። ልጆቹ አይተውት ምኑም አይጠቅምም አሉ፤ በአንድ ከሰዓት ሌላ ጻፉ። አሁን እንደ በፊቱ አይሆንም፤ እኔ አንብቤ ፈቅጄ ነው የሚወጣው። ፋይል የሚባል ነገር የለም፤ ራንጌልም ከእንግዲህ መድከም የለበትም።»

ሰዉ ዞር ብሎ ራንጌልን አየ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ የለም። ኪሮ እንኳ አልሳቀም፤ አንገቱን ጠምዝዞ ታማሚ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያየው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ ራንጌል?» አለ ፕላመን ከመድረኩ ላይ፣ እንደ ወዳጅ ፈገግ ብሎ። «ገጹ ቆየ አይደል እንዴ? ደስ አላለህም? እስቲ አንድ ነገር በለን!»

ሻማዎቹ ግድግዳው ላይ ይርገበገባሉ። ራንጌል ብድግ አለ። አፉ ውስጥ የሞላው ነገር ብዙ ነው፤ የመምህርቷም፣ የፋብሪካውም፣ የቃሪያውም አለበት፤ የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን ያስከትል? ሰው አፍ አፉን እያየ ጠበቀው። ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገ፣ በወንበሮቹ መሐል እያዘገመ አለፈ፣ በሩን ከፈተ፣ ወጥቶ ሄደ።